የታችኛው ረድፍ

የአስፋልት ማምረቻው የጥራት መርማሪ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ከታ ዱቄቱን ስትጨብጠው እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ደረቅ የዛጎል ዱቄት በጣት መሃል ይፈሳል እንጂ አይጨበጥም። ቀጥሎ ያለውን ፈታች፤ እሱም እርጥብ ነው። የመጋዘኑ ወለል ውሃ አስርጎ የታችኛውን ረድፍ አርሶታል።

ከየባሕር ምግብ ቤቱ የሚጣለው ዛጎል ታጥቦና ደርቆ ይፈጫል፤ ከቀለጠ ሬንጅ ጋር ሲቀላቀል አስፋልቱ በፀሐይ እንዳይለሰልስ ያጠነክረዋል። እርጥብ ከሆነ ግን ሬንጁ እንደ ወተት ገንፍሎ ይወጣል። ልዩነቱ ሬንጁ መቶ ሰባ ዲግሪ መሆኑ ነው። የሬንጁ ታንከር አፍ ላይ ቆሞ ዱቄቱን የሚያፈሰው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ትናንት መርምራ "አልፏል" ብላ የፈረመችው ራሷ ናት። ጆንያ ማገላበጡ ታክቷት ናሙናውን ከላይኛው ረድፍ ብቻ ወሰደች። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የላይኛው ረድፍ ጠዋት አልቆ ከታችኛው ሁለት ጆንያ ወደ ታንከሩ ወጥቷል።

ወደ ታንከሩ ሮጠች። ስትደርስ ወንድሟ ቢላዋውን የጆንያው አፍ ላይ አሳርፏል።

"ጋሼ፣ እንዳትቀደው! እርጥብ ነው!"

እጁ ባለበት ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን የሚያጋድም ይመስል፣ ጆንያውን ከታንከሩ አፍ አርቆ አስቀመጠውና መሰላሉን ወረደ። ሊቀልድባት አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። እሷ ክንዱን ይዛ መልቀቅ አቃታት።

መሰላሉ ሥር የቆመው መሐንዲስ የምርመራውን ወረቀት አወጣ። ፊርማዋን አይቶ ለምን እንዳሳለፈችው ጠየቃት። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አራት ቀን እንደቀረው ሁለቱም ያውቃሉ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ትናንት ደረቅ ነበር፣ ሌሊት ነው ውሃ የገባው ብለሽ ጻፊ። ማንም አልተጎዳም። አንቺም እኔም እንተርፋለን።"

እስክሪብቶውን ተቀበለች። እውነትም ማንም አልተጎዳም። "ትናንት" ብላ ጀመረች። ሰኞ ዕለት ለሌላው የአስፋልት ማምረቻ ጣቢያ የተላኩት ሠላሳ ጆንያዎች ያን ጊዜ ትዝ አሏት። እነሱም ከዚሁ ወለል የተነሱ ናቸው፤ እነሱንም ያሳለፈቻቸው ከላይ ከላይ አይታ ነው። ዛሬ እዚያም ይፈሳል። እዚያም ታንከር ላይ የሰው ወንድም ቆሟል።

"ምን ሆንሽ?" አላት ወንድሟ።

"ትናንት" ከሚለው ቀጥላ "ከላይኛው ረድፍ ብቻ ነው የመረመርኩት፤ ሰኞም እንደዚሁ" ብላ ጻፈችና ፈረመች። ወረቀቱን ለመሐንዲሱ ሰጠችው።

"የዚያኛውን ጣቢያ ስልክ ቁጥር ይስጡኝ" አለችው። "አሁኑኑ።"