ግራ እጅ ሲነሳ

ሰው ሁሉ ሩጫ ሲል ከፊት ያሉትን ነው የሚያስበው። ሹፌሩ ግን በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም አሸናፊ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የአርባ ሁለት ኪሎ ሜትሩ ሩጫ በዓመት አንድ ቀን ሲካሄድ፣ የእሱ ሥራ ከሁሉም ኋላ መንዳት ነው። በሌላው ቀን የፋብሪካ ሠራተኞች የሚያመላልስባትን ሚኒባስ፣ የአደጋ መብራቷን አብርቶ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ ከመጨረሻው ሯጭ ዐሥር እርምጃ ርቆ ይከተላል። ያቃተውን ያሳፍራል። ሯጮቹ ስሟን "መጥረጊያ" ብለዋታል፤ የሞተሯን ድምፅ ሲሰሙ የሞተ ጉልበት ሁሉ ነፍስ ይዘራል።

ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ሕግ አለው። ሯጩ ግራ እጁን ሳያነሳ በሩ አይከፈትም። ካነሳ ደግሞ አንድም ጥያቄ አይጠየቅም። "ትንሽ ነው የቀረህ" ማለት ክልክል ነው። "እስቲ ሞክሪ" ማለትም ክልክል ነው። በሩን ከፍቶ፣ ውሃ አቀብሎ፣ "ይግቡ፣ ይረፉ" ማለት ብቻ። ሹፌሩ በዚህ ሕግ ይኮራበት ነበር።

"እጁን ያነሳ ሰው ከራሱ ጋር ተሟግቶ ጨርሷል" ይላል ለአዳዲስ ሹፌሮች። "አንተ ማነህና ነው ይግባኝ የምትጠይቅለት?"

ከሩጫው ሲመለስ ወሬውን ሁሉ የሚያራግፈው ለሚስቱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር ተክላ የሰፈሩን ዚፕና የሱሪ ጉልበት ስትጠግን የኖረች፣ ምላሷም ከመርፌዋ የማይተናነስ።

"የሰው ባል ስለ አንደኛው ያወራል፣ የኔ ባል ስለ ውራው!" ትለዋለች። ትሳቅ እንጂ አንዷንም አታልፋትም፤ አምና የወደቀው ሽማግሌ ዘንድሮ ምን ደረሰ ብላ የምትጠይቀው እሷው ነች። የግራ እጁንም ነገር ቤት ያስገባችው እሷ ናት። ምግብ ሲያበዛባት፣ ወሬ ሲያስረዝምባት፣ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው መቀመጡ ሲያንገሸግሻት ግራ እጇን ብድግ ታደርጋለች። "በሩን ክፈትልኝ" ማለቷ ነው። እሱም ይስቅና ይከፍትላታል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ትዳራቸው ብዙ ጠብ በዚህች እጅ ቀርቷል።

አምና ታመመች። በሽታው ካንሰር ነበር፤ ሳንባዋን ይዞ ሲያበቃ ነው የተደረሰበት። ሁለት ዙር መድኃኒት ወስዳ፣ ፀጉሯ አልቆ፣ ገና አልጋ ላይ ሳለች የሩጫው ቀን ደረሰና ሹፌሩ ሄደ። የዚያን ቀን የመጨረሻዋ ሯጭ ቀይ ካልሲ ያደረገች ወፈር ያለች ሴት ነበረች። ሰባት ሰዓት ተኩል ፈጀባት። መንገዱ ለመኪና ተከፍቷል፣ የመጨረሻው መስመር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ወርዷል፣ ወንበር የሚጭኑት ሠራተኞች ዘወር ብለውም አላዩዋትም። እሷ ግን አንድ እግሯን እየጎተተች መስመሩ በነበረበት አለፈች። ሹፌሩ መሪውን ይዞ አለቀሰ። በስልኩ ቀረፃት።

ያ ቪዲዮ ነው ጉድ ያመጣው። ቤት እንደገባ ለሚስቱ አሳያት፤ በማግስቱም አሳያት፤ መድኃኒቱ ባስመለሳት ቁጥር ስልኩን ፊቷ ላይ ይደቅናል።

"አየሽ? እሷ ሰው አይደለችም? በርቺ!"

መጀመሪያ ላይ እውነትም አበረታቷት ነበር። "ቀይ ካልሲ ግዛልኝ" ብላ ቀልዳለች። ገዛላት፤ አደረገችውም። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ግን ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ፣ ያሰቡትን ያህል እንዳልሠራ ነገራቸው። አራተኛ ዙር መሞከር ይቻላል፣ ተስፋው ግን ቀጭን ነው። ወይም ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ይዛ ቤቷ ትቀመጥ። "ውሳኔው የእርስዎ ነው" አለ፣ እሷን እያየ።

እሷ ቤቷን ነበር የፈለገችው። ለባሏ የጀመረችው ኮት አንድ እጅጌ ቀርቶት የስፌት መኪናዋ ላይ ተንጠልጥሏል። መስኮቷ ሥር ሆና እሱን መጨረስ ፈለገች፤ ሌላ ያማራት ነገር አልነበረም።

"ደከመኝ" አለችው። "አሁን ልረፍ።"

ይህ ቃል ክፉ ቃል ነው። የደከመም ያርፋል፣ የሞተም ያርፋል። በሥራው ላይ ለስንቱ "ይረፉ" ሲል የኖረ ሰው፣ ከሚስቱ አፍ ሲሰማው ደሙ ፈላ።

"ሁለተኛ በዚህ ቤት ይሄ ቃል እንዳይነሳ!"

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ልረፍ ማለቴ ነው።"

"ያቺ ሴት አርፋለች? አላረፈችም!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሹፌሩ ሞኝ አልነበረም፣ ፈርቶ ነው እንጂ። ያለ እሷ ያንን ቤት አያውቀውም፤ ዝምታው ገና ሳይመጣ ያስበረግገው ነበር። ስለዚህ ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት፤ መከራከሩም ጉልበት ስለሚጠይቅ ተወችለት።

የአራተኛው ዙር ጠዋት ነርሷ መርፌውን ልትሰካ ቀኝ ክንዷን ስታሻሽ፣ ሚስቱ ከትራሱ ላይ ሆና ግራ እጇን አነሳች። ብዙም ከፍ አላለችላት፤ ክርኗ አልጋው ላይ ነው። ዓይኗ ግን እሱ ላይ ነበር፣ ደግሞም አትስቅም።

አላየሁም ማለት አይችልም። አልገባኝም ማለትም አይችልም፤ በዓለም ላይ ያቺን እጅ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። እጇን በሁለት እጁ ያዘና ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰው።

"ትንሽ ነው የቀረሽ" አላት። "በርቺ።"

ጥቂት አየችው። ከዚያ "እሺ" አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልተነጋገሩም። አፏ ውስጡ ቆሳስሎ ውሃ እንኳ ያቃጥላት ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሹፌሩ ቡና ቢጤ ሊቀምስ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ሲመለስ ነርሷ የክፍሉ በር ላይ ጠበቀችው።

"አረፉ" አለችው።

ዘንድሮ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ሌላ ሹፌር ጠፋና ሄደ። የለበሰው ያንኑ ኮት ነው። እጅጌውን ሌላ ሰፊ ገጥሞለት ትከሻው ላይ ትንሽ ይጎትተዋል።

ሠላሳ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊቱ አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። ቀይ ካልሲዋን ሲያይ ልቡ ዘለለ። ያቺው ናት! ጥርሱን ነክሶ "በርቺ፣ በርቺ" ይል ጀመር፣ መስኮቱ ዝግ እንደሆነ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደች፣ ቆመች፤ ግራ እጇን አነሳች።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ከመቀመጫው ግን አልተነሳም። ሴትዮዋ ዘወር ሳትል፣ እጇን ሳታወርድ ጠበቀች። ኋላ ወረደና በሩን ስቦ ከፈተላት፣ ደግፎ አስገባት፣ ውሃ ሰጣት። ዐሥራ አንድ ዓመት ያከበረውን ሕግም እዚያው ጣሰው።

"አምና እኮ ጨርሰሽ ነበር፣ እህቴ።"

"እርስዎ ነበሩ እንዴ ከኋላዬ?" አለች እየተነፈሰች። "አምና ጉልበቱ ነበረኝ፣ ዘንድሮ የለኝም። ገላዬ ሲያልቅበት የማውቀው እኔው ነኝ።"

"እጅሽን ስታነሺ አልከበደሽም?"

"ለምን ይከብደኛል? አንድ ጊዜ ካነሳሁት በሩን እንደሚከፍቱልኝ አውቃለሁ።"

ሹፌሩ ወደ መሪው ተመለሰ። ማርሹን አስገባ፣ መልሶ አወጣው። ፊት ለፊቱ መንገዱ ባዶ ነበር።

"እረፊ" አለ፣ ወደ ኋላ ዘወር ሳይል። "በቃ የኔ እመቤት፣ እረፊ።"

ባለ ቀይ ካልሲዋ ለእሷ መሰላት። "እሺ" አለችው፣ ዓይኗን እየከደነች።