ጥቁር ልብስ ባይለበስ

ሕፃኑ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የጠራው የአባቱን እናት ነበር፤ «ታታ» አላት። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ ሴትዮዋን ታታ እያለ ቀረ። የእናቱን እናት፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ ይህ ነገር አንጀቷን ያሳርራት ነበር። እሷ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ፀጉር ስትተኩስ ታታ ሕፃኑን አዝላ ትውላለች። ፀጉር ሠሪዋ ማታ ብስኩት ገዝታ ስትሄድ ልጁ እንደ ባዳ አይቷት ታታ ቀሚስ ውስጥ ይሸጎጣል። ያ ጥቁር ቀሚስ! ታታ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከላይዋ አውልቃው አታውቅም።

የልጁ ልደት ሲቃረብ የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ስልኳን ይዛ ፀጉር ቤት መጣች።

«እማ፣ ጥሪውን አንቺ አሳምሪልኝ። ምን ይለበስ እንበል? ፎቶው እንዲያምር ነው።»

እናትየው ደንበኛዋን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ ቀለም የነካ ጓንቷን አወለቀች።

«‹ጥቁር መልበስ ክልክል ነው› በይ።»

«እንዴ! ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?»

«እሺ፣ አለስልሺው። ‹ለልጃችን ደስታ ሲባል ጥቁር ልብስ ባይለበስ ደስ ይለናል።›»

ልጇ ጽፋ ስታበቃ ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። «ታታስ?»

«ታታ ምን ሆነች?» አለች፣ ነገሩ ገና አሁን ትዝ ያላት መስላ። «የቤት ሰው አይደለች? እሷን ማን ይከለክላታል!»

ልጇ ትክ ብላ አየቻትና ላከችው።

አትመጣም፣ አለች ፀጉር ሠሪዋ በልቧ። ሐዘኗን አታወልቅም፤ በጥቁር መጥታም የልጅ ልደት አታበላሽም፤ ጨዋ ናት። ጨዋነቷም ራሱ ያበሽቃት ነበር።

በልደቱ ቀን ፀጉር ሠሪዋ ብርቱካንማ ቀሚስ ለብሳ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ልጁ የሚሸሸግበት ሲያጣ ጭኗ ላይ ተቀመጠላት። የአንገት ሐብሏን እየጎተተ ሲጫወት፣ ቢበጥሰውም ግድ አልነበራት።

በሩ ተከፈተና ታታ ገባች፤ ሰማያዊ ለብሳ። ቀሚሱ ሻንጣ ውስጥ የታጠፈበት መስመር ገና አልለቀቀውም፤ ትከሻዋ ላይም ሰፍቷታል። የሕፃኑ አባት በእናቱ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ስንቴ ለምኗት እምቢ ብላው ነበር! እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ ከበባት። ሕፃኑም ከፀጉር ሠሪዋ ጭን ሙልጭ ብሎ ወረደና በሰው እግር መሀል ሾልኮ «ታታ!» እያለ ሮጠ።

ታታ ልጁን ታቅፋ መጣች።

«ጥሪውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፣ እህቴ። እግዜር ይስጥሽ። ልጆቼ አልቅሰው ያላስወለቁኝን አንቺ በአንድ መስመር አስወለቅሽኝ።»

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁ!» አለች። ምስጋናው ከጥፊ ባሰባት።

ጓዳ ገብታ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥብ ጀመር። ልጇ ተከትላት ገብታ ከኋላዋ አቀፈቻት።

«እማ፣ ይቅር በይኝ። ያን ቀን ቀንተሽ መስሎኝ በልቤ አምቼሽ ነበር።»

እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ሳሎን ውስጥ ግን ሕፃኑ በሳቅ ተንከተከተ። በማን ክንድ ላይ ሆኖ እንደሚስቅ ለማወቅ ዞሮ ማየት አላስፈለጋትም።

«ሂጂ፣ እንግዶችሽን አስተናግጂ» አለችና ብርጭቆውን ድጋሚ አለቀለቀችው።