እየሮጡ የተቆጠረ ዘር

ለሙላት ሩጫ ማለት አደጋ ነበር። በእሱ አገር፣ በወገራ፣ ትልቅ ሰው የሚሮጠው ወይ ሲባረር ወይ ሲያባርር ነው፤ ሌላው ሩጫ የልጅና የአህያ ሥራ ነው። ኢየሩሳሌም ከገባ ወዲህም ይህን አቋሙን አልለወጠም። በኢትዮጵያ ጎዳና አንድ ሕንፃ በር ላይ በዘበኝነት ተቀምጦ ይውላል። ማታ ሲወጣ እስከ ሃነቪኢም ጎዳና ያለችውን አጭር መንገድ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ጤና እየጠየቀ ስለሚሄድ፣ አውቶቡሱ ሁልጊዜ ያመልጠዋል። በዓመት አንዴ ለስግድ በዓል አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ሲወጣ ያልበዋል፤ ያ ለዓመቱ ይበቃል ባይ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅና፣ በባሕር ጠረፍ ረግረግ ውስጥ እንዲሮጥ የተፈረደበት።

ፈራጇ አንድያ ልጁ ኦሽራት ናት። እዚያ ጠረፍ ላይ ካለች ከተማ ዮሃይ የሚባል ልጅ ወደደችና "አባ፣ ልንጋባ ነው" አለችው። ሙላት ልጁን የሚጠላበት ሰበብ ፈልጎ አጣ። ውትድርናውን ጨርሷል፣ ሥራ አለው፣ ጨዋ ነው። ችግሩ ይዟት መሄዱ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ሙላትን የሚያናግረው ከኦሽራት በቀር ማንም የለም፤ እሷ ወደ ባሕሩ ከወረደች ከቴሌቪዥኑ ጋር መቅረቱ ነው። ይህን መናገር አሳፈረውና ወግ ላይ ተንጠለጠለ።

"በእኛ ሥርዓት እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ አይጋባም። ከአባቱ ጋር ዘር ሳንቆጥር ሰርግ የለም!" አለ። አንዲት የጋራ ቅም አያት ብቻ እንድትገኝለት ግን በልቡ ሲጸልይ ሰነበተ።

የዮሃይ አባት አወቀ ሙላትን በዕድሜ ይበልጡታል። ስኳር ተገኝቶባቸው ሐኪም "ተንቀሳቀስ" ቢላቸው መሮጥ ጀምረው፣ መቆም ያቃታቸው ሰው ናቸው። ዓርብ ጠዋት ኦሽራትና ዮሃይ ሙላትን ይዘው የረግረጉ ፓርክ በር ሲደርሱ፣ ሽማግሌው በቁምጣ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ቆመዋል።

"እንኳን ደህና መጣህ። በል ተከተለኝ!"

"አባ አወቀ፣ ዘር እኮ ቁጭ ተብሎ ነው የሚቆጠር" አለ ሙላት።

"ቁጭ ካልሁ ስኳሬ ይነሣል። ደግሞ ሰንበት ሳይገባ መጨረስ አለብን።"

ልጆቹ በመኪና ዞረው የመንገዱ መጨረሻ ላይ ሊጠብቁ ሄዱ። ሙላት ለምኩራብ የሚያደርገውን የቆዳ ጫማ እንደተጫማ ሽማግሌውን ተከተለ።

"እኔ አንድ፣ አንተም አንድ!" ብለው አወቀ ቆጠራውን ጀመሩ።

ሙላት ክው አለ። ቆጠራው የሚጀምረው ከተጋቢዎቹ እንጂ ከአባቶቻቸው አይደለም። ሊያርማቸው አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። በስህተት አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ከተጨመረ፣ ዘመድ የመገኘቱ ዕድል ይሰፋል። ለሙላት ከዚህ የተሻለ ስህተት ከየት ይመጣል?

መንገዱ ቄጠማውን ሰንጥቆ፣ በእንጨት ድልድይ አልፎ፣ የባሕሩን አሸዋ ታክኮ ይሄዳል፤ ማለቂያ የለውም። ሙላት አያቱን ሲጠራ ላብ አጠመቀው፣ ቅድመ አያቱን ሲጠራ ጎኑን ወጋው። ከፊት የሚመጡትን ሯጮች ዝም ብሎ ማለፍ ስለማያውቅ፣ እየቆመ በዕብራይስጥ ደህንነታቸውን፣ የቤተሰባቸውን ጤና ይጠይቃል። ሯጮቹም ሰውየው የታመመ መስሏቸው ውሃ ይሰጡታል።

"ሰላምታህን ለሰንበት አቆየው! ገና አራተኛው ላይ ነን!" ይላሉ አወቀ።

መንገድ አሳጥራለሁ ብሎ በቄጠማው መሃል ሲያቋርጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ዋጠው። አንድ መንጋ ነጫጭ ወፍ ደንግጦ ተነሣ። አወቀ ባሉበት እየረገጡ እጃቸውን ሰጥተው ጎትተው አወጡትና፣ ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ ስድስተኛውን አስቆጠሩት።

"ሰባተኛዬ እናና ናት፤ የወገራዋ ሸክላ ሠሪ" አሉ ቀጥለው። "ሦስት ባል ቀብራ አራተኛውን ያገባችው።"

"ከግመል ወድቃ እግሯ የተሰበረው?"

"እሷው ናት!"

"የእኔም ሰባተኛ እናና ናት!" ብሎ ሙላት ጮኸ። ያ ሁሉ ድካም ከላዩ በረረ። ሽማግሌውን ቀድሞ፣ በሕይወቱ ሮጦ በማያውቀው ሩጫ ልጆቹ ዘንድ ደረሰ።

"ዘመዳሞች ናችሁ! ሰርግ የለም!"

ዮሃይ መሬት መሬት አየ። ቀጥሎም የውሃውን ጠርሙስ ከፍቶ ለሙላት ሰጠው። ኦሽራት ሹራቧን አውልቃ አባቷ ትከሻ ላይ ደረበችለት።

"ላብህ ሳይደርቅ ብርድ እንዳይመታህ፣ አባ። በሴደር፣ እሺ፣ ወደ ቤት እንሂድ።"

የፈለገው ይኸው ነበር። ወደ ቤት እንሂድ አለችው፤ እሱ ግን ጠርሙሱን ሳይጠጣ ለዮሃይ መለሰለት። በራሱ አፈረ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ከጎኑ አስቀምጦ ምን ዓይነት ቴሌቪዥን ሊያይ ነው?

"አባ አወቀ፣ ቆጠራውን ከማን ነው የጀመርነው?" አለ፣ ባሉበት እየረገጡ ከኋላው ለደረሱት ሽማግሌ።

"ከእኔና ከአንተ ነዋ።"

"ከልጆቹ ነበር መጀመር የነበረብን። ለእነሱ እናና ስምንተኛ ናት። ይጋባሉ።"

አወቀ ሩጫው ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው ቆሙ። "መቼ ነው ይህን ያወቅኸው?"

"ገና ስንነሣ።"

"ታዲያ ምን ዘጋህ?"

ሙላት ወደ ኦሽራት ዞረ። "ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው።"

ኦሽራት አንገቱን አቀፈችው፤ ጭቃው ልብሷን ሲነካውም አለቀቀችውም። አወቀ ነጠላቸውን እንደ አዲስ ሸብ አደረጉ።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ!" አሉ። "እየተሮጠ የተሳሳተ ዘር ግን ቁጭ ተብሎ አይታረምም። ሰርግ ነው፣ በግምት አይሆንም። ከልጆቹ ጀምረን እንደገና እንቆጥራለን!" ብለው በመጡበት መንገድ ተመልሰው ተፈተለኩ።

"አባ፣ ዳይ፣ በቃ! ትሞታለህ፣ ተወው!" አለች ኦሽራት እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ሙላት ሹራቡን መለሰላት፤ ሱሪውን ሰብሰብ አደረገ።

"ኦሽራት አንድ!" ብሎ እየጮኸ ሽማግሌውን ተከተለ።