ጨው የሌለበት ቤት

ወንድሜን ደንበኞቹ «ውሃልክ» ይሉታል። ልብስ ሰፊ ነው። የሱሪ ጠርዝ ሲያጥፍ ሜትር አይዘረጋም፤ በዓይኑ ለክቶ በጠመኔ አንድ ጊዜ ጫር ያደርግና ይሰፋዋል፤ ሁለቱ እግሮች በክር ውፍረት እንኳ አይበላለጡም። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ከሱቁ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ባለች ፋርማሲ መድኃኒት አድላለሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አእምሮውን ታሞ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ሳይተኛ፣ እየሳቀና እያወራ፣ የሰው አደራ ጨርቅ ሁሉ ቆራርጦ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ መጋረጃ ሊሰፋ ተነሳ። ከዚያ ደግሞ እንደ ባዶ ጆንያ ወደቀና ሁለት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዚያ ጉድጓድ ያወጣው ሊቲየም የሚባል መድኃኒት ነው።

ሊቲየም ባለውለታችን ቢሆንም አመል አለው። የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ደሙን አስመረምረው ነበር። በየቅዳሜው ደግሞ ሰባት ክፍል ባላት የክኒን ሳጥን የሳምንቱን ድርሻ እየሞላሁ እሰጠዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። የመጨረሻው የደም ውጤት የመጣው ይህ ሁሉ ከመድረሱ ሁለት ወር በፊት ነው፤ ዜሮ ነጥብ ሰባት። ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ።

ያን ሰሞን የተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ጊዜ ስለነበረ ሥራ በዝቶበታል ተባለ። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሳጥኗን ለመውሰድ የመጣችው ሚስቱ ናት።

«ጋሼስ?» እላታለሁ።

«ከስፌት መኪናው አልነሳም አለ። ሥራ ገድሎታል።»

እኔም ሞልቼ እሰጣታለሁ።

ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ጡረተኛ መምህር የዓይን ጠብታቸውን ሊወስዱ መጡ። ወንድሜ የሰፋላቸውን አዲስ ኮት ለብሰዋል። የደረቱ እጥፋት ግራው ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል፤ ስፌቱ ደግሞ ዶሮ የረገጠችው ጭቃ ይመስላል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ውሃልክ መጠጥ ጀመረ እንዴ?»

«ኧረ ጋሽ መምህር! ጠብታ በአፉ አይዞርም።»

«እንግዲያው ምላሱን ምን አሰረው? ሲራመድም ግድግዳ ይዞ ነው።»

እጅ፣ ምላስ፣ እግር። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ ተምሬዋለሁ። ጋዋኔን አውልቄ ለባልደረባዬ እንኳ በቅጡ ሳልነግራት ወጣሁ።

ሱቁ ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናው ላይ አንድ ሰማያዊ እጅጌ ግማሹ ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል። በጓሮ በር ወደ ቤት ስገባ የወንድሜን ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባ ስታማስል አገኘኋት።

«እንኳን መጣሽ» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ሆዱም አልቆም ብሎታል። የበላው ነገር ይሆናል ብዬ ሾርባ እየሠራሁለት ነው።»

«እጁ ይንቀጠቀጣል እንዴ፣ እትዬ?»

ማማሰያውን አቆመች። «ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ድካም ነው ይላል።»

ከድስቱ በማንኪያ ቀመስኩ። የፈላ ውሃ ነው፤ ጨው የሚባል አልነካውም።

«ጨው ረሳሽ?»

ፊቷ በራ። «አልረሳሁም። የደም ግፊት አለብህ ተብሎ እኮ ነው። እንዳትሰጊ ብሎ አልነገረሽም እንጂ፣ ክሊኒክ ሲሄድ ጨው ከዛሬ ጀምሮ እንዳትቀምስ አሉት። ያን ዕለት የነበረኝን ለጎረቤት ሰጠሁ። ለሱ ስል እኔም ተውኩት። በቤቴ አንዲት ፍሬ ጨው አታገኚም።»

«ክኒንስ ሰጡት?»

ከቁም ሳጥኑ አንድ ብልቃጥ አምጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ስሙን ለማንበብ አንዴ ማየት በቃኝ። የሚያሸና ክኒን ነው፤ ግፊት ላለበት ሰው ሁሌም የምናድለው። እኔ ራሴ በቀን ሃያ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

«ከጀመረ ስንት ቀኑ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ሊቲየም እንደሚወስድ ነግሯቸዋል?»

ሽርጧን በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ሲሉት የለም አለ» አለች በመጨረሻ። «ካርድ የምታወጣው ልጅ የሰፈራችን ናት። እብድ ነበር ብላ ከምታስወራብኝ አለና… እኔም አፌን ያዝኩ።»

ወንድሜ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ መርፌ፣ በሌላው ክር ይዟል። ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ያመጣዋል፤ እጁ ይዘላል፤ ክሩ ጉንጩን ይነካዋል። እንደገና ያመጣዋል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መግባቴን ያወቀው ቆይቶ ነው።

«እህት ዓለም» አለኝ፤ ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ ሊጥ ተጎተተ። «ውሃልክ… ውሃ ሆነ።»

ሊስቅ ሞከረ። የግራ ዓይኑ ሥር ያለች ሥጋ ብቻዋን ትርገበገብ ነበር።

በታክሲ ወደ ሆስፒታል ስንወስደው ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ያንቀላፋል፤ ስንቀሰቅሰው ይነቃል፤ እንደገና ይጠልቃል። ሚስቱ እጁን ጨብጣ ይዛዋለች። ጨው በማጣቱ ሊቲየሙ ደሙ ውስጥ በዝቶ እንደመረዘው ነገርኳት።

«ጨው ደግሞ ከሱ መድኃኒት ጋር ምን አገናኘው?» አለችኝ።

«ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው» አልኳት። «ሊቲየም ራሱ የጨው ዓይነት ነው። ኩላሊት ሁለቱን አጥርቶ አይለያቸውም። በሰውነት ውስጥ ጨው ሲያልቅ ኩላሊት ይደነግጣል፤ የቀረችውን ላለማጣት ወደ ደም ይመልሳታል። ሊቲየሙንም ጨው መስሎት አብሮ ይመልሰዋል።»

«አልገባኝም።»

«ከሥሩ የሚያፈስ በርሜል አስቢ። በየቀኑ አንድ ባልዲ ትጨምሪበታለሽ፣ አንድ ባልዲ ከሥር ያፈሳል። ውሃው ከአንድ መስመር አያልፍም። ዘጠኝ ዓመት ጋሼን ያኖረው ያ መስመር ነው። አሁን አንቺ ጨው ከለከልሽው፤ ክኒኑ የተረፈውን በሽንት አስወጣው፤ ቀዳዳው ጠበበ። እኔ ግን ባልዲዬን ሳልቀንስ በየቅዳሜው ደፋሁበት።»

ማስመለሱና ተቅማጡ ደግሞ የቀረውን ውሃና ጨው አሟጦ ቀዳዳውን ይባስ እንደደፈነው አልጨመርኩላትም።

«እኔ ነኝ እንግዲህ የገደልኩት» አለች።

«አንቺ የታዘዝሽውን አደረግሽ። ክሊኒኩም ለግፊት የሚሰጠውን ሰጠ።»

እኔስ? ያን ለራሴ አስቀረሁት። ሦስት ቅዳሜ ወንድሜ ሳይመጣ ሲቀር ጋሼስ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ መልሱን ግን አልሰማሁትም።

የተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፤ ቁጥሩን ስትነግረኝ ዓይኔን ሸሸች። ሦስት ነጥብ አራት። «ኩላሊቱ ተጎድቷል። ደሙን በማሽን እናጥብለት» አለች። ወዲያው ጀመሩለት። ቱቦዎቹ ቀይ ሆኑ፤ ማሽኑ በዝግታ ይዞር ጀመር። ከአራት ሰዓት በኋላ ደሙ ሲለካ ወደ አንድ ነጥብ ሁለት ወርዷል። የወንድሜ ሚስት መሬት ላይ ተንበርክካ አመሰገነች። እኔ አልተንበረከኩም። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀው ነበር።

ሊቲየም ደም ውስጥ ብቻ አይቀመጥም። ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ አንጎል ውስጥ ይገባል፤ ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። ደሙ ሲጠራ የተደበቀው ከየጓዳው እየወጣ ተመልሶ ይሞላዋል። ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደገና ሲለኩት ሁለት ነጥብ አንድ ሆኗል።

«ምነው፣ ወርዶ አልነበር?» አለች ሚስቱ።

«ከደሙ ነው የወረደው» አልኳት።

ሁለተኛ አጠቡለት። ሦስተኛ አጠቡለት። በነዚያ ቀናት ወንድሜ ማናችንንም አላወቀም። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አንሶላውን በሁለት ጣቱ ይቆነጥርና ይስባል፣ ይቆነጥርና ይስባል። ነርሷ እጁን ብታስተኛው መልሶ ይጀምራል። አጠገቡ የተኛው ሕመምተኛ ልጅ አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ «እሳቸው ምን እየፈለጉ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እየሰፋ ነው» አልኩት።

በአምስተኛው ቀን ቁጥሩ ከዜሮ ነጥብ አምስት በታች ሆኖ እዚያው ቀረ። ኩላሊቱ ሽንት ማውጣት ጀመረ። በስድስተኛው ቀን በስሜ ጠራኝ። ተርፏል አልን፤ ተቃቅፈን አለቀስን። እጁ ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም። አንድ ሳምንት ጠበቅን፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ማንኪያ ሲያነሳ ሾርባው ደረቱ ላይ ይደፋል። ሲራመድ እግሩን አራርቆ እንደ መርከበኛ ነው። ቃላቱ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሙልጭ ብሎ ወጥቷል፤ ያደረሰው ጉዳት ግን አብሮት አልወጣም።

ያን ለሐኪሟ ስነግራት በጥሞና ሰማችኝ። «ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ተነክቷል» አለችኝ። «የሚሻለው ካለ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ተስፋ ባትሰጪው ይሻላል።»

የድሮው ሕመም እንዳይመለስ ሌላ መድኃኒት ተጀመረለት። ይህኛው በኩላሊት ሳይሆን በጉበት በኩል ነው የሚወገደው። ሠርቶ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈልግ በነዚያ ሳምንታት ሚስቱ በየጠዋቱ ትደውልልኛለች። አንዳንድ ቀን «ደህና ተኝቷል» ትለኛለች። አንድ ሁለት ቀን ግን «ዛሬ ወሬው በዝቷል» አለችኝ። ያም አለፈ፤ የድሮው ሕመም እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን መኪናው ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። እሱ ከኋላዋ ወንበር ላይ ሆኖ በተጎተተ ድምፅ ያዛታል፤ «እዚያ ጋ… ያዝ አድርጊው… አትሳቢው።» ስፌቷ ደህና ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ብዙዎቹ ደንበኞች ሌላ ሰፊ ፈልገዋል። ጡረተኛው መምህር ብቻ ያን የተጣመመ ኮት አላስፈታውም ብለው ይለብሱታል።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሊቲየምን ስረግም ሰማኝ።

«አትስደቢው» አለኝ። ትንፋሽ ወሰደ። «ዘጠኝ ዓመት… ሰው አድርጎኛል። የዋሸሁት… እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጣቶቹን አገናኝቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጸጥ እንዲሉለት ጠበቀ። እኔም አብሬው ጠበቅሁ። ሐኪሟ ከሰጠችን ዓመት ስምንቱ ወር አልፏል፤ የቀረን አራት ወር ነው።