አንደኛ የወጣው እሳት ቆስቋሽ

መርከቧ ከኒው ዮርክ በተነሳች በማግስቱ ጠዋት አልባሿ ሚስስ ታንዲ ለዊኒ ቬይል ቁርስ ይዛላት ገባች። ሰሃኑን አስቀምጣ ከመቀነቷ ሥር አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ጥጋ ጥጉ በከሰል ጣት ተለቅልቋል። «እዚሁ መርከብ ላይ ነኝ። ታች አራተኛው ምድጃ ላይ ነው የምሠራው። ወይ ውረጂ፣ ወይ እወጣለሁ። ኮርማክ» ይላል።

ዊኒ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ ከትራሷ ሥር ሸጎጠችው። ኮርማክ ድዋየር ባሏ ነው። ባሏ መሆኑን ግን በዚህ ሁሉ መንገደኛ መሀል ከሚስስ ታንዲ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፣ ዊኒም እንዲታወቅ አልፈለገችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አራት ወር በፊት ሊቨርፑል ውስጥ፣ ከወደቡ ከፍ ብላ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ምስክር ይዘው ተጋቡ። በሦስተኛው ሳምንት ዕድል ጠራቻትና ብቻዋን ወደ አሜሪካ ተሻገረች። እዚያ ሚስተር ፔትግሬው የሚባል የቲያትር ሰው ለአዲስ የዘፈን ኮሜዲ ዋና ተዋናይት ይፈልግ ነበር። ኮሜዲው የመርከብ ላይ ፍቅር ነው፦ አንዲት የሀብታም ልጅ፣ አንዴ ወጥ ቤት አንዴ ዶክተር እየመሰለ የሚከተላት ጎረምሳ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳቅና ጭፈራ፣ መጨረሻው ሠርግ። ፔትግሬው ዘፈኗን ሰምቶ ሲያበቃ «ባል አለሽ?» አላት። «የለኝም» አለችው። ፈረመችም። በየግድግዳው በተለጠፈው ሥዕሏ ሥር «እስካሁን ማንም ያላገኛት ዊኒ ቬይል» ተብሎ ተጻፈ፣ ኮፍያቸውን ያወለቁ ወንዶችም በቲያትር ቤቱ የጓሮ በር አበባ ይዘው ይሰለፉ ጀመር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ውሸት አንዴ ከወጣ በምን ይመለሳል? አሁን ደግሞ ያንኑ ኮሜዲ ለንደን ሊከፍቱት መላው የቲያትር ቡድን እየተጓዘ ነው።

ኮርማክ ዊኒ በዚህች መርከብ እንደምትመጣ ከጋዜጣ አነበበ፣ የነበረበትን መርከብ ለቆ እዚህ ምድጃው ላይ እሳት ቆስቋሽ ሆኖ ተቀጠረ። ሚስቱን ለማየት ብሎ ነው። ሌላ ምን ያድርግ።

«ውረጂና እይው እንጂ ልጄ» አለቻት ሚስስ ታንዲ።

«በዚህ ጫማ?»

«ጫማሽን አውልቂዋ።»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«ታች ያለው ሰው አይደለም እንዴ?» አለችና አሮጊቷ የአንዱን ቀሚስ ቁልፍ መስፋት ጀመረች።

«ነገ እወርዳለሁ» አለች ዊኒ። በማግስቱ ልምምድ ነበረ። በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ተናወጠና አመመኝ አለች። በአራተኛው ቀን በካፒቴኑ ገበታ ተጋበዘች። በአምስተኛው ቀን ምክንያት እንኳን አልፈለገችም፣ ዝም ብላ ቀረች። እውነቱን መናገር ከተባለ ኮርማክን ትወደዋለች። የምትጠላው ወደ ሠራተኞቹ የሚያወርደውን ደረጃ መውረድ ነው፤ በዚያ ደረጃ ስትወርድ ያየ ሰው ሁሉን ያውቅባታል፣ እንጀራዋም ያኔ ያበቃል። እንደዚያ ነበር የመሰላት።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአንደኛ ማዕረግ አዳራሽ ሁሉም መልኩን ለውጦ የሚመጣበት ጭፈራ ተደረገ። አሜሪካኖቹ በአገራቸው መጠጥ በሕግ ከተከለከለ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ መርከብ ላይ ከልካይ የለምና ከጠዋት ጀምረው ሲጨልጡ ውለዋል። አንድ ወፍራም የባንክ ሰው የሕፃን ቆብ አስሮ ጡጦ ይዞ ይዞራል። የጡረታ ዳኛው ፈርዖን ሆነዋል። ባለቤታቸው ነብር ሆነዋል፣ ጭራቸውን በየወንበሩ እያስረገጡ። ዊኒ ከሙዚቀኞቹ አጠገብ ከፍ ባለው መድረክ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላ ሰው በመምሰል ላሸነፈው ሽልማት የምትሰጠው እሷ ናት።

ኮርማክ ከፈረቃው እንደወጣ፣ ሳይታጠብ፣ አካፋውን እንኳን ሳይጥል ነው ወደ አዳራሹ የወጣው። በሩ ላይ ቆሞ ለአንድ ደቂቃ አይቷት ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። የሱ ቢጤ እዚያ ወለል ላይ እግሩን ካሳረፈ ይባረራል፣ ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ግን ነብሯ ሴትዮ አዩት፣ ክንዱን ይዘው ጎትተው መሀል አገቡት።

«ይኼንን ተመልከቱልኝ። እሳት ቆስቋሽ ሆኖ እኮ ነው የመጣው። ይኼን ላብ በምን ሠራኸው ጌታው? በዘይት ነው?»

«ላብ ነው» አለ ኮርማክ።

አዳራሹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ በጥርስ ሆነ። ሕፃን የሆነው የባንክ ሰው የአንገቱን ጨርቅ በሁለት ጣት እያነሳ ያሸታል። «ሽታውን ሳይቀር አምጥቶታል፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው» ይላል። ፈርዖን ደግሞ አካፋውን ተቀብለው ክብደቱን ለኩና «እውነተኛ ነው፣ ከታች ተውሶት መሆን አለበት» ብለው ፈረዱ። የትኛው ካቢን ነህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ የአንደኛ ማዕረግ አዳራሽ መሀል የቆመ ሰው የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ነዋ።

ዊኒ ገና ከበሩ ስታየው ነው ያወቀችው። ዓይኗን ነቅላ የሽልማቱን ዕቃ በእጇ ማገላበጥ ጀመረች።

የውድድሩ ዳኞች ብዙም አልተመካከሩም። አንደኛ እሳት ቆስቋሹ ተባለ፣ ሽልማቱም የብር ሲጋራ መያዣ። ኮርማክ እየተገፋ መድረኩ ሥር ደረሰ። ዊኒ ወረደች፣ ዕቃውን ሰጠችው፣ እጃቸው ተነካካ። ቀስ ብሎ «አምስት ቀን ጠበቅኩሽ» አላት። እሷ በዚያ የመድረክ ፈገግታዋ ፈገግ ብላ «ሂድ፣ አሁኑኑ ሂድ» አለችው።

ግን በዚያ ጭፈራ አንድ ወግ አለ። ያሸነፈ ሰው በሁሉም ፊት ቀለሙን ታጥቦ ስሙንና የካቢኑን ቁጥር ይናገራል፤ ማን እንደነበረ እስኪታወቅ ድረስ አይለቁትም። አንዱ አስተናጋጅ ሙቅ ውሃ በገንዳ፣ ሳሙናና ነጭ ፎጣ አመጣ። ኮርማክ ወደ በሩ አየ፣ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ታጠበ። ውሃው ጠቆረ፣ ሌላ ቀየሩለት፣ እሱም ጠቆረ። ሰው ይስቃል። ጉንጩ ነጣ፣ የዓይኑ ዙሪያ ግን እንደ ተኳለ ሰው ጥቁር ሆኖ ቀረ። ክንዱ ላይ ከእጁ እስከ ክርኑ የእሳት ጠባሳ ነው።

«አይለቅም እኮ» አሉ ነብሯ ሴትዮ፤ ፎጣውን ራሳቸው ይዘው ይፈትጉት ነበር። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

አዳራሹ ጭጭ አለ። የአስተናጋጆቹ አለቃ ሮጦ ሁለተኛውን መኮንን ጠራው። መኮንኑ መጣና ኮርማክን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የኛ ሰው ነህ?»

«አዎ ጌታዬ። አራተኛ ምድጃ።»

«ማንን ፈልገህ ነው የወጣኸው?»

ኮርማክ ዊኒን አያት። ሰውም ዓይኑን ተከትሎ ዊኒን አያት። ፔትግሬውም አለ፣ ብርጭቆውን ይዞ ከምሰሶው አጠገብ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባት፣ ወይም ምንም አለመናገር። ዊኒ ግን አገጯን ቀና አደረገች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ያንን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚሰማ ድምፅዋን አወጣችው።

«ዳኞቹን አትውቀሷቸው» አለች። «እሳት ቆስቋሽ በመምሰል ከሱ በላይ ማን ያሸንፋል? ዕድሜውን ሙሉ ሲለማመድ የኖረ ሰው ነው።»

ሳቁ ጣራውን ነቀነቀው። የባንኩ ሰውዬ ጡጦው ከእጁ ወደቀ። ካፈሩበት ስላወጣቻቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚስቁት። ሙዚቀኞቹም ቅኝታቸውን ያዙ። ኮርማክ የሲጋራ መያዣውን ገንዳው አጠገብ አስቀመጠና ለመኮንኑ «ማንንም ፈልጌ አይደለም። ሙዚቃ ሰምቼ ነው» አለ። ይዘውት ወረዱ።

ሚስስ ታንዲ ማታ ልብሷን ስታወልቅላት ቀና ብላ አላየቻትም። ዊኒ «ምን በይ ነው የምትዪኝ?» ብላ ጮኸችባት። አሮጊቷ ቀሚሱን አጣጥፋ ወጣች። ዊኒ በሩን ቆለፈች። አለቀሰች፣ ራሷን ረገመች፣ እንደገና አለቀሰች። ሲነጋ ፊቷን ታጠበችና የመጣው ይምጣ ብላ የፔትግሬውን በር አንኳኳች።

ፔትግሬው የተቀቀለ እንቁላል እየበላ ነበር።

«የትናንቱ ሰውዬ ባሌ ነው» አለችው ቆማ። «ሳገባው ኒው ዮርክን አላየሁም ነበር። ዋሽቼህ ነው የፈረምኩት። ልታባርረኝ ትችላለህ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «በወግ ነው የተጋባችሁት? ወረቀት አላችሁ?»

«አለን።»

«አንቺ ሴትዮ» አለ ፔትግሬው፣ ፊቱ በራ፤ «ይህን የመሰለ ነገር ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀሽኝ ትኖሪያለሽ? እስካሁን ማንም ያላገኛት ዊኒን እሳት ቆስቋሽ አገኛት። ለንደን ይገለበጣል እኮ። አሁኑኑ ቴሌግራም አስልካለሁ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ ወደብ ላይ ይጠብቀን።» ስትወጣ ከኋላዋ ጠራት። «ስሚ፣ እንዳይታጠብ ንገሪው። ነጭ ሆኖ ከወረደ ማን ያምነናል?»

በመተላለፊያው ስትሄድ መጀመሪያ ትንፋሿ ተመለሰላት፤ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር። አሥር እርምጃ ሳትሄድ ቆመች። የፈራችው ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። ሰውየውን ያዋረደችው በባዶ ሜዳ ነው።

ሳውዝሃምፕተን ሲደርሱ ሠራተኞቹ በሦስተኛ ማዕረግ መመገቢያ ክፍል ተሰልፈው የሥራ ደብተራቸውን ይቀበሉ ነበር። ዊኒ ያንን ደረጃ ወረደች፣ በዚያው ጫማዋ። ማንም ምንም አላላትም። ኮርማክ ጥግ ላይ አገኘችው፤ ተላጭቷል፣ ቡናማ ኮት ለብሷል፣ ቆቡን በእጁ ይዟል።

«ነገርኩት» አለችው። «ባሌ እንደሆንክ ፔትግሬው አውቋል። ላይ ጋዜጠኞች ይጠብቁናል። በትልቁ መውረጃ አብረን እንወርዳለን ኮርማክ፣ ክንድህን ይዤ።»

«እንዲህ እንዳለሁ?»

ዊኒ አቀረቀረች። «ለፎቶው ብቻ ትንሽ ከሰል ቢቀባ ይላል ፔትግሬው።»

ኮርማክ ደብተሩን ገልጦ ሰጣት። ከጉዞ በኋላ ካፒቴን ስለ እያንዳንዱ ሰው ጠባይ ይጽፋል፤ «በጣም ጥሩ» ከተባለ ሌላ መርከብ ይቀበለዋል። በኮርማክ ደብተር ላይ አሥር «በጣም ጥሩ» ነበር። በአሥራ አንደኛው ቦታ «ስለዚህ ሰው ምንም አልልም» ተብሏል። እንዲህ የተጻፈበትን ሰው ማንም መርከብ አይቀጥረውም።

«ካፒቴኑን አነጋግረዋለሁ» አለች። «ያስተካክለዋል። እኔ ፈርቼ ነው፣ ሌላ አይደለም፣ ፈርቼ ነው።»

«አልፈራሽም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ብትፈሪማ ዝም ትዪ ነበር። ዝም ብትዪ እችለው ነበር። አላውቀውም ብትዪም እችለው ነበር ዊኒ። አንቺ አሳቅሽብኝ።»

«አመለጠኝ።»

«አላመለጠሽም። ሰዉ ፀጥ እስኪልልሽ ቆየሽ። ዓይኔን እያየሽ ቆየሽ፣ ከዚያ ነው ያልሺው።» ደብተሩን ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሰልፉ ጋር ወጣ።

ዊኒ ወደ ላይ ተመለሰች። ከመርከቧ ጠርዝ አጥር ጋ፣ ከወደቡ የወጡ አሥር የሚሆኑ ጋዜጠኞች ከበቧት፤ ፔትግሬው ከጎኗ ቆሞ እጁን ያፋትጋል።

«እመቤት ቬይል፣ ባል አለዎት የሚባለው እውነት ነው?»

«አዎ» አለች። «ባል አለኝ። ኮርማክ ድዋየር ይባላል።»

«የት አለ ታዲያ?»

በእጇ አመለከተች። ከመርከቧ ጭራ በኩል፣ በጠባቡ የሠራተኞች መውረጃ፣ የምድጃ ሰዎች እየወረዱ ነው። ስልሳ ይሆናሉ። ሁሉም ታጥበዋል፣ ሁሉም ቆብ ደፍተዋል፣ ሁሉም ጆንያ ተሸክመው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ወደቡ በር ይሄዳሉ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አዙሮ አጥሩ ላይ ወጣ።

«የትኛው ነው?» አላት።

ዊኒ ተንጠራርታ አየች። ቡናማ ኮት የለበሰ አየች፣ ከፊቱ ሌላ ቡናማ ኮት አየች፣ ወደ ግራ ሁለት ሌሎች። ጣቷን አነሳች፣ ወደ አንዱ ጠቆመች፣ መልሳ አወረደችው።

«ይፍጠኑ እንጂ እመቤት፣ በሩ ላይ ደረሱ። የትኛው ነው ባልዎት?»

አላወቀችውም።