ግራው የፊት ቸርኬ

ረቡዕ ነበር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱ እንዲህ በትክክል የታወቀው፣ ወተት አከፋፋዩ በቆመው መኪና አጠገብ ሲያልፍ ሬዲዮው ዜናውን ጨርሶ ማስታወቂያ መጀመሩን ስለሚያስታውስ ነው። ነጯ መኪና መንገዱን ለቃ ዳር ይዛለች፤ ፍሬቻዋ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የእጅ ፍሬኗ ተስቧል። ሾፌሩ ከግራው የፊት ጎማ ሥር ተንበርክኮ፣ እጁን የጎማው ብረት፣ ቸርኬው ላይ አሳርፎ አቀርቅሯል። ወተት አከፋፋዩ «ጎማ ተንፍሶበት ነው፣ ምስኪን» ብሎ አለፈው። ሲመለስም ሰውየው እንደዚያው ነው። ያን ጊዜ ወርዶ ትከሻውን ነካው።

ሟቹን ሰፈሩ «ዘጠኝ ተኩል» ነበር የሚለው። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ግማሹን የሞተር ቺንጋ በልቶታል። ስሙን ለራሱ ያወጣው እሱው ነው። «ለሂሳብ ሠራተኛነት አልሆንም እንጂ መሪ ለመያዝ ይተርፈኛል» ይል ነበር፣ እጁን ዘርግቶ እያሳየ።

ሁለት ልማድ ነበረው። ከሥራ ሲገባ፣ ቤት ከመዝለቁ በፊት መኪናዋን ይዞርና አራቱንም ቸርኬዎች በመዳፉ ይነካካል። ከሌሎቹ በልጦ የሚያቃጥል ካለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ከሌለ «ሰላም ነው» ይልና ይገባል። ጠዋት ሲወጣ ደግሞ የተሰነጣጠቀ እጁን ቫዝሊን ይለቀልቅና መዳፉን እናቱ ጉንጭ ላይ ያሳርፋል። እሷም በየቀኑ «አንተ ልጅ፣ ቀባኸኝ እኮ! ሞተር መሰልኩህ?» እያለች ጉንጯን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። በየቀኑ ያንኑ ይባባላሉ፤ በየቀኑም ያንኑ ይስቃሉ።

ያን ረቡዕ ግን ረፍዶበት ነበር። እጁን እየቀባ ከበር ወጣ፤ ሳይነካት ሄደ።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያው ግቢ፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ ትሠራለች። ጎሚስታው፣ የወንድሟ ጓደኛ፣ መኪናዋን ቀስ ብሎ ነድቶ አምጥቶ ቆርቆሮ ጥላው ሥር ካቆማት ሦስት ወር ሆኗታል። ሦስቱንም ወር እናትየው ጎህ ሳይቀድ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትወጣና ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

«እማ፣ ብርዱ እኮ ጨረሰሽ። ግቢ።»

«እጁን ሳይሰጠኝ ነው የወጣው። ሳይሰጠኝ አይሄድም።»

«እማዬ፣ ቀብረነዋል እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አላበድኩም» ትላለች፣ መስታወቱን አሻግራ በሩን እያየች።

ሳሏ ግን ከቀን ወደ ቀን ከፋ። ሐኪሙ ደረቷን ካዳመጠ በኋላ ልጅቱን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ «እዚያ መኪና ውስጥ መቀመጧን ካልተወች ይህን ብርድ አታልፈውም» አላት። እህትየው ያን ቀን አንጀቷን አሰረች። መኪናዋ ከግቢው መውጣት አለባት፤ ሌላ መላ የለም። እናቷም እንደ ወንድሟ ቀዝቅዛ መኪናዋ ጋ እስክትገኝ አትጠብቅም።

ገዢ ያገኘላት ጎሚስታው ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል። ብቻ እትዬ፣ ቸርኬዎቹን አንድ ነገር አድርጊያቸው። ሰውየው ፊት ሳይሆን እግር አይቶ ነው የሚያጨው። እንዲህ ከሰል መስለው ካገኛቸው ሞተሩን እንኳ ሳያስነሳ ይመለሳል» አላት።

እውነቱን ነው። የፍሬን ሸራ ብናኝና የመንገድ አቧራ ተጋግሮ አራቱንም አጥቁሯቸዋል። ቸርኬዎቹ ሰሃን የመሰለ ሰፊ ፊት ያላቸው አልሙኒየም ናቸው፤ አሁን ግን የምጣድ ቂጥ ነው የሚመስሉት።

እናትየው ይህን ሰማች። «ሦስቱን እጠቢ። ግራ የፊቱን ግን አትንኪው። እሱን ለብቻው በሳሙና ነው የሚያጥበው፣ እንደ አራስ ልጅ። ራቁቱን ነው፤ አይችልም» አለቻት።

እህትየው ፊቷን አዞረች። ቸርኬ አራስ ሆነ፣ ቸርኬ ራቁቱን ሆነ። ይኸው፣ ሐኪሙ የፈራው ደረቷን ብቻ ነበር፤ ለካ ጭንቅላቷም መሄድ ጀምሯል አለች በሆዷ።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄደች። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ነው። ከመደርደሪያው ሦስት ዕቃ አውርዶ ደረደረላት።

«ይሄኛው ሳሙና ነው በይው። ማንንም አይጎዳም፤ ለቆየ ቆሻሻ ግን ክርንሽን ነው የሚጨርሰው። ይሄ ደግሞ አሲድ አለው፤ ቶሎ ያነሳል፣ ግን ቁጡ ነው። ይሄ ሦስተኛው ነው የኔ ምርጫ። ቆይ ላሳይሽ።»

አንድ የዛገ ቁራጭ ብረት አንስቶ ረጨበት። ፈሳሹ መጀመሪያ ውሃ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀላ፣ ጠቆር አለ፣ በብረቱ ጎን ቀጭን መስመር እየሠራ ወረደና ከባንኮኒው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«አየሽ? የፍሬን ብናኝ ብረት ነው። ብረቱን ሲያገኘው እንዲህ ይደማል። መድማቱን ሲያቆም ቆሻሻው አለቀ ማለት ነው።»

እህትየው ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሸች። ወንድሟ የተንበረከከበት ያ ጎማ በፊቷ መጣ። በእጇ ረጭታ ስታደማው ታያት።

«ጋሼ፣ ደም የሚመስል ነገር ግቢዬ ውስጥ አላፈስም። አሲዱን ስጡኝ።»

«ይሁን። ግን ነገርን ከሥሩ ነውና ልጠይቅሽ፤ ቸርኬዎቹ የፋብሪካ ቫርኒሻቸው ላያቸው ላይ አለ? ወይስ አንዱ ተፍቆ ራቁቱን የቀረ አለ? ራቁት ብረት ይሄን አይችልም፣ ይበላዋል።»

ራቁት የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ግን ያረፈው እናቷ ሕመም ላይ እንጂ ቸርኬው ላይ አልነበረም። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ በጣቷ ዳብሳ ጥጡን ከሐሩ ትለይ ነበር።

«አራቱም አንድ ናቸው» አለች።

«እንግዲያው በጥላ ሥር፣ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ። አንድ በአንድ ሥሪ። ጓንት አድርጊ። እላዩ ላይ እንዳይደርቅብሽ፣ ቶሎ በውሃ አውርጂው።»

እናትየው የሐኪሙን መድኃኒት ወስዳ አልጋዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እህትየው ጓንቷን አጥልቃ፣ አፍና አፍንጫዋን በጨርቅ አስራ ከኋላ ጀመረች። መጀመሪያ አቧራውን በውሃ አራገፈች፤ ረጨች፤ በብሩሽ አሸች፤ በባልዲ ውሃ ደፋችበት። ከሰል የነበረው ብር ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ሦስት ወር ሙሉ እጅ ያጠረው ሥራ በአንድ ጠዋት ሲያልቅ፣ እያፈረችም ቢሆን ደስ ብሏት ነበር።

ግራው የፊት ቸርኬ ቀረ። እዚያ ጋ እንኳ መንበርከክ አልቻለችም፤ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን መለስ አድርጋ ረጨችበት።

በዚያች ቅጽበት እናቷ ሳለች። ማቆሚያ የሌለው፣ ትንፋሽ የሚነጥቅ ሳል ነው። እህትየው ጓንቷን እየጎተተች ሮጠች። ደግፋ አስቀመጠቻት፣ ውሃ አቀመሰቻት፣ ጀርባዋን አሸቻት። እናትየው ተመልሳ ጋደም ስትል ከመስኮቱ ውጭ ፀሐዩ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ገብቶ የመኪናዋን አፍንጫ ይዟል።

ስትደርስ ፈሳሹ ደርቋል። ውሃ ደፋችበት፣ ደገመች። ቆሻሻው ለቀቀ፤ ቸርኬው ግን አላበራም። አመድ እንደ ነፉበት ነጥቶ፣ ዓይኑ የፈሰሰ መስሎ ቀረ። ጠጋ ብላ ስታየው ቫርኒሽ የሚባል የለበትም። ወንድሟ የተላላጠውን ፍቆ አንስቶ በእጁ ሲወለውለው የነበረ ራቁት ብረት ነው። እናቷ የነገረቻት ቃል በቃል እውነት ነበር።

ከዚያ አመድ መሐል አንድ ቦታ ያበራል።

መጀመሪያ ያልደረቀ ውሃ መሰላት። በጨርቅ ጠረገችው፤ አልሄደም። መዳፍ ነው። አሲዱ ዙሪያውን ሁሉ ሲበላ መዳፉን ዘሎታል። አውራ ጣት አለ፣ ትንሿ ጣት አለች፣ መሐሎቹ አሉ። ሌባ ጣቱ ከግማሽ ላይ ይቆማል።

ጓንቷን አውልቃ የራሷን እጅ አስጠጋች እንጂ አልነካችውም። እጇ አነሰ። ቫዝሊኑ ትዝ አላት፤ አሲዱን የመለሰው እሱ ነው። ረቡዕ ጠዋት እጁን እየቀባ የወጣው ወንድሟ፣ እጁን ያሳረፈበት የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው። ወንድሟ እንደተንበረከከው፣ ከቸርኬው ሥር ተንበረከከች።

ጎሚስታው የመወልወያ ቅባት ይዞ ሲመጣ ያገኛት እንደዚያ ሆና ነው። «ገዢው እየመጣ ነው እኮ! አይ እትዬ፣ ምን አደረግሽው? ግድ የለም፣ ማሽኔን ላምጣ። እንዲህ ያለውን እኔ...»

ከዚያ አየው። ቆቡን አወለቀ።

«አጥፋልኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«እጁን። በማሽንህ ፍቀህ አጥፋልኝ። እማ ካየችው ከዚህ የሚነቅላት የለም። መኪና ነበር፣ አሁን ደግሞ እጁ ያለበት መኪና! እዚሁ ትሞትብኛለች።»

«ያልሽውን ሁሉ እዘዢኝ፣ እትዬ። ጎማውን ብላልኝ በይኝ፣ እበላለሁ። ይሄን ግን በኔ እጅ አይሆንም።»

«እንግዲያው እኔ አደርገዋለሁ!»

የመወልወያውን ቅባት ከእጁ ነጥቃ ጨርቁን ነከረች። ከዳር፣ ከአመዱ ጀመረች። በክብ እያሸች ወደ ትንሿ ጣት ተጠጋች። እዚያ ስትደርስ እጇ ቆመ። ዓይኗን ጨፍና ልትቀጥል ስትል ከኋላዋ የጫማ ድምፅ ሰማች።

እናትየው ብርድ ልብሷን ተከናንባ ቆማለች።

«ነግሬሽ ነበር፣ አይችልም ብዬ» አለች። ወቀሳ አልነበረውም፤ የጎረቤት ወሬ የምታወራ ነው የሚመስለው። ዓይኗ ብረቱ ላይ ነው።

ጎሚስታው «እማማ፣ ብርድ ነው፣ ይግቡ» ብሎ ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ ገፋ አደረገችው። ብርድ ልብሷን መሬት ላይ ጣለችና እላዩ ላይ ተንበረከከች። ልጅቱ፣ እናቷ እጇን ትዘረጋለች ብላ ጠብቃ ነበር። እናትየው ግን እጇን አልዘረጋችም። ጎንበስ ብላ ጉንጯን መዳፉ ላይ አሳረፈች።

ቆየች። ሩቅ የሆነ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ጎሚስታው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች እናትየው በመጨረሻ።

«ሰላም ነው» አለች ቀጥላ፣ ለራሷ። ቀና ስትል ጉንጯን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ደግፊኝ እስቲ። አልጋዬን አሙቂልኝ፣ ልተኛ።»

ጎሚስታው ምንም ሳይጠየቅ ክሪኩን አመጣ። መኪናዋን አንስቶ ብሎኖቹን ፈታ፣ ጎማውን ከቸርኬው ለየ፣ ቸርኬውን በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ የቤቱ በር ላይ አስቀመጠው። በቦታው ጥቁር የብረት ቸርኬ ያለውን ትርፍ ጎማ አሰረ። ገዢው መጥቶ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት።

«ይቺ አንዷ እግር ምን ሆና ነው ብቻዋን የጠቆረች?» አለ።

«ሐዘን ላይ ናት» አለው ጎሚስታው። ሰውየው የሚቀልድ መስሎት ሳቀና ሞተሩን አስነሳ።

እናትየው ከዚያ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ አታውቅም። አራት ዓመት ኖረች። ገዢው አሁንም መኪናዋን በሦስት የሚያበሩ ቸርኬዎችና በአንድ ጥቁር ይነዳታል።