የተመለሰው ትናንት

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች «ደግሜ ልየው» እያሉ ነው የሚጠሯት። አንዲት ትእዛዝ ደጋግማ ሳታነብ ኢንተር የማትጫን ሴት ናታ! ሰኞ ሰኞ የበሽተኞቹ መረጃ ሌሊት ሌሊት የሚገለበጥበትን መጠባበቂያ ቅጂ በመለማመጃው ሰርቨር ላይ መልሳ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የሚደርስ መሆኑን ታረጋግጣለች።

የዛሬው ሰኞ ግን የጤና አልነበረም። እናቷ ትናንት ማታ ታመው እዚሁ ፎቅ ላይ ተኝተዋል። ጠዋት የተወጉት መርፌ አልስማማ ብሏቸው ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ለጥቂት ነው የተረፉት። ሐኪሙ መርፌውን ሰርዞ «ሁለተኛ እንዳይሰጣቸው» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወርዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች እንጂ ልቧስ እዚያው ነው።

ያንን ረጅም ትእዛዝ እንደ አዲስ መጻፍ ታከታት። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ስትጫን ጥቁሩ መስኮት ከዚህ በፊት የተጻፈውን አመጣላት። የቅጂውን ቀን ለወጠች፤ ቀኑን ደግማ አየችው፤ ኢንተር። የሰርቨሩን ስም ግን ማን ይየው! ትእዛዙ ባለፈው ሳምንት ሲስተሙ ሲበላሽ አለቃዋ በእሷ ኮምፒውተር የጻፈው ነበር። የሚሄደውም ወደ መለማመጃው ሳይሆን ሆስፒታሉ ወደሚሠራበት ዋናው ሰርቨር ነው፤ እዚያ ያለውን ጠራርጎ የሌሊቱን ይተካበታል።

የሰርቨሩን ስም ያየችው ከተጫነች በኋላ ነው። ለማቋረጥ ጣቷ ቁልፉን ሲፈልግ «ተጠናቋል» የሚል መስመር ወጣ።

ወይ ጉድ! ሲስተሙን ከፈተችው፤ የበሽተኞቹ ስም እንዳለ ነው፣ ምርመራውም መድኃኒቱም ሙሉ ነው። ያስፈራትም ይኸው ነበር። ባዶ ቢሆን እኮ ሕንፃው በሙሉ ይጮኽ ነበር። የጠፋው ዛሬ ጠዋት የተጻፈው ብቻ ነው፤ የሌለን ነገር ደግሞ ማን ያየዋል?

የእናቷን ፋይል ከፈተች። የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ የለም። መርፌው ቦታው ላይ ተመልሶ ቁጭ ብሏል፤ «ስድስት ሰዓት ላይ ይሰጥ» ይላል። ስድስት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ስልኩን አንስታ እናቷ ወደተኙበት ክፍል ደወለች።

«ሲስተር፣ በፈጠረሽ፣ ለእናቴ መርፌውን እንዳትሰጪ!»

«አሁን ቀድቼ ልሄድ ነበር። ምነው?» አለች ገና ሥራ የገባችው ተረኛ ነርስ።

«ጠዋት ተሰርዟል። ስክሪኑ ላይ ያለው ስሕተት ነው።»

«ውይ፣ እንኳን ደወልሽ! በቃ አስቀመጥኩት፤ አይዞሽ።»

እናቷ ተረፉላት! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዛት። አለቃዋ ምሳ ወጥቷል፤ ማንም አላያትም። ቢሰማ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፣ እስር ቤትም አለ። ዝም ብትልስ? ሐኪሞቹ ራሳቸው ቀስ በቀስ ያስተካክሉት የለ?

«የኔ እህት፣» አለች ነርሷ፤ ስልኩን አልዘጋችውም ነበር። «ስክሪኑ የተሳሳተው የእናትሽ ላይ ብቻ ነው አይደል? የሌሎቹን እኮ እያየሁ እየወጋሁ ነው የመጣሁት።»

ዝም ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር።

«የሁሉም ነው!» ብላ ጮኸች። «አቁሚ፣ ሁሉንም አስቁሚ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲወድቅ ተሰማት፤ ከዚያ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ስትሮጥ።